የሚሠራ ከሆነ

የምፈልገው ትንሽ ነው፣ መዳፍ የማይሞላ፣
ክብ የናስ ቆርቆሮ፣ ለኪስ የተሰላ፤
ሁለት መስታወት፣ አንድ ክንድ፣ በብር ላይ የተጫረ
ፀጉር የሚያህል ሰረዝ፣ ዲግሪ የቆጠረ።
ሴክስታንት ይባላል። «የመርከብ ነው» አሉኝ፤
መርከብ አላውቅም እኔ፤ ተራሮች ናቸው ያሳደጉኝ።

ከቸርችል ጎዳና እስከ ፖስታ ቤቱ
ሰባት ሱቅ ገባሁ፤ ደከመኝ በስምንተኛይቱ።
በአንዱ ኮምፓስ አወጡልኝ፣ መርፌው የደነዘዘ፣
በሌላው የሰዓት ቀፎ፣ ልቡ ወጥቶ የፈዘዘ፤
አንድ ወጣት ሳቀና፦ «ስልክዎ አያሳይዎትም ወይ ያሉበትን ነጥብ?
ሰማያዊዋን፣ እንደ ልብ የምትርገበገብ?»
ያሳየኛል ልጄ፤ የት እንዳለሁ ይነግረኛል፣
እንዴት እንዳወቀው ግን ይደብቀኛል።

ደግሞ አንዱ ጋ አገኘሁ፤ ማለቴ፣ ያገኘሁ መሰለኝ፤
ሻጩ ከእንጨት ሣጥን አውጥቶ በእጅጌው ወልውሎ ሰጠኝ።
«ለጠረጴዛ ጌጥ ነው ጋሼ፤ ፈረንጆች ይወዱታል።»
«ይሠራል ወይ?» ብለው፣ «ምን ይሠራል? ይታያል!»
ክንዱን ገፋ አደረግሁት፤ በብየዳ ተይዟል፤
መስታወቱም መስታወት አይደል፤ ቆርቆሮ ተወልውሏል።

ቀያሽ ነበርኩ፣ ሠላሳ ዓመት፣ እግሬ እስኪያልቅ ድረስ፤
አለቃዬ ይርዳው ይል ነበር፣ እርሳሱን በምላጭ ሲቀርጽ፣ ሲያለሰልስ፦
«ሦስት ተራራ ካየህ አንተ ልጅ፣ መንገድ አይጠፋህም፤
ሁለት ማዕዘን ለካ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አትጠይቅም።»
አፋር ሜዳ ላይ ጂፓችን ሞቶ፣ በርሜሉ ባዶ ሲጮህ፣
የሞተር ዘይት በሳህን አፍስሶ ፀሐይን አወረዳት ከላይ፤
አንዷን ከሰማይ፣ አንዷን ከዘይቱ፣ አነካካቸው እጁ ላይ።
ኬክሮሱን አስምሮ «እዚህ ነን» አለ፣ በጥፍሩ ወረቀቱን ነክቶ፤
ሌሊቱን ሄድን። ጉድጓዱ ቆየን፣ ሲነጋ፣ ግመል ከቦት፣ ሞልቶ።
ያቺ የናስ ቆርቆሮ በጡረታው ቀን አብራው ወጣች፤
ሲሞት ልጆቹ ሸጧት አሉ፤ ፒያሳ ነው የገባች።

ሰዓት አዳሹን ደባልቄን ፍለጋ ሽቅብ ወጣሁ፤
የሙሴ ኦሃን ተማሪ ነው፤ ያውቃል ብዬ ተማመንሁ፤
በሱቁ ቦታ ሣር ተተክሏል፣ አግዳሚ ወንበር አገኘሁ፣
ምን ላድርግ፣ ተቀምጬ ቆየሁ።
በድሮው ደብተሬ ያ ጥግ የልኬት መነሻ ነበር፤
«ሰዓት ቤቱ» ብዬ የጻፍኩት፣ የማይነቃነቅ ድንበር።

ሊስትሮው ነው ያሳየኝ፦ «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለው፣ ከደረጃው ሥር።»
ደባልቄ እንደድሮው ነው፤ አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መነጽር።
ነግሬው ሳልጨርስ መሳቢያ ሳበ፤ ከሞላና ከጥርስ መሃል
የጠቆረ ናስ አወጣ። «ይኼ ይሠራል፤ ግን ይዋሻል።»

ደጅ ወጥቼ የጊዮርጊስን መስቀል አየሁበት፤
ዜሮ ላይ ነው፤ አንድ መሆን ሲገባው ሁለት ሆኖ አገኘሁት፣
ጎን ለጎን፣ እንደ መንታ፣ በመሃላቸው ቀጭን ክፍተት።
ክንዱን ትንሽ ገፋሁ። ትንሽ። ገጠሙ።
አነበብኩ፤ ስድስት ደቂቃ።
ክዳኑን ፈታሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤
ከውስጥ የተለጠፈች ወረቀት፣ ቢጫ ሆናለች፣
እርሳሱ ግን አልለቀቀም፦
«ስድስት ደቂቃ ቀንስ። ይርዳው።»

ዋጋ አልተከራከርኩም።
ከደረጃው በላይ ቆሜ እንጦጦን ያዝኩ፤ ወጨጫን በሁለት ክሬን መሃል፤
የረር ከመስታወት ፎቅ ጀርባ ነው፤ ሦስተኛው ይቀረኛል።
ዘበኛ ሮጦ መጣ፦ «አባት፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው!»
«ፎቶ አይደለም፤ ና እየው።»
አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ክንዱን ሲያዞር ጣቱ ተጠነቀቀ፤
ተራራው ሄዶ ተራራው ላይ ሲቀመጥ፣ እንደ ልጅ ሳቀ።
«ገጠመ!» አለኝ።
«ስድስት ቀንስ» አልኩት።